እስክናገባ አንቀመጥም

ክሌይበርን፣ አዮዋ
ኖቬምበር 12

ይድረስ ለእህቴ የልጅ ልጅ ለሼልቢ፣ ሚሽኮልትስ፣ ሀንጋሪ

ከሁሉ በፊት ጤናሽ፣ ቀጥሎ እግርሽ፣ ቀጥሎ ያ የመወርወሪያ እጅሽ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከኮሌጃችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ያለሽበትን አገር ጌታ ሰላም ያድርገው፤ ለዳኞቹም ዓይን ይስጣቸው።

እናትሽ «ለምን በስልክ አትጽፊላትም?» እያለች ትነዘንዘኛለች። ሠላሳ አራት ዓመት ፖስታ ቤት ማኅተም ስመታ የኖርኩ ሴት፣ በስተርጅና መስታወት ላይ ጣቴን ስጎትት ልገኝ? ደብዳቤ ነው የምጽፈው። ቢዘገይም ይደርሳል፤ ካልደረሰም ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ። ማክሰኞ የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታችን ነበር። ደንባችንን መቼም አልረሳሽውም። ጨዋታው ሲጀመር ቆመን እናጨበጭባለን፤ የኛ ልጆች የመጀመሪያዋን ቅርጫት እስኪያገቡ ድረስ ወንበር የሚነካ ሰው የለም። ባንቺ ዘመን ደንቡ ቀላል ነበር፤ ኮታችንን አውልቀን ሳንጨርስ አንቺ ታገቢልን ነበር። ዘንድሮ ቆምን። አጨበጨብን። አሁንም ቆምን። እጃችን ቀላ፣ ፈንዲሻዬ በረደ። ከኋላዬ ያለ እንግዳ ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እመቤቴ፣ ብሔራዊ መዝሙሩ አላለቀም እንዴ?» አለኝ።

አዲሷ አሰልጣኝ፣ ስታብስ የምትባለው፣ «ትዕግስት ያለው ጨዋታ» ነው አሉ የምታስተምረው። ልጆቹ ኳሷን እንደ ሙዳየ ምጽዋት ከእጅ ወደ እጅ ያዞሯታል፤ ሁሉም ይቀበላል፣ ሁሉም ያሳልፋል፣ ጣል የሚያደርግ ግን የለም። ደህና ደህናዎቹ ተጫዋቾች ደግሞ አሁን እንደ ልባቸው ትምህርት ቤት ይቀያይራሉ። ስማቸውን ይዤ ሳልጨርስ በሌላ ማልያ ይመጡብኛል። አምና ለልደቷ ኬክ የጋገርኩላት ልጅ ማክሰኞ ዕለት አሥራ ስምንት ነጥብ አገባችብን። ኬኬን በልታ!

ሰዉም ሸሸ። የኛ ሰባተኛ ረድፍ ጥርሱ የረገፈ አፍ መስሏል። ፒያኖ ያስተማረችሽ ጃኒስ ክሩገር እንኳ «ስታብስ እስክትባረር አልመጣም፤ በሬዲዮ እከታተላለሁ» ብላ ቀረች። በሬዲዮ! ቨርጂል እኮ ነው የሚያስተላልፈው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ሁሉ ነጥብ ያስቆጥራታል። ቨርጂልን የሚሰማ ሰው ሌላ ጨዋታ ነው የሚሰማው።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር ሰብስቦን ምን ቢለን ጥሩ ነው? «በመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ታችኛው መቀመጫ ካልሞላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሴቶቹ በአሮጌው መለማመጃ ቤት ይጫወታሉ።» ያ ቤት መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ነው ያለው። ታዲያ የኔ ወንበርስ? የሃሮልድስ? ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ካረፈ ስድስት ዓመት ቢሆነውም የሱን ትኬት አላቋረጥኩም፤ ፈንዲሻዬን አስቀምጥበታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጥንበትን ቦታ የሚወስዱት እኔ ከሞትኩ ነው።

የዚያን አገር ቀይ በርበሬ ላኪልኝ። ስንት ነጥብ እንዳገባሽም ጻፊልኝ። ከተማው ሁሉ ይጠይቀኛልና አፌን ባዶ አታስቀሪው።

አክስትሽ አርዲስ፣ ከሰባተኛው ረድፍ


ሾፕሮን፣ ሀንጋሪ
ኖቬምበር 28

ለተከበሩ አክስቴ ለአርዲስ

ለእርስዎ ጤና፣ ለሰባተኛው ረድፍ ሰው፣ ለቡድናችንም አንድ ቅርጫት ይስጥልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። በጣም በጣም ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፈው ለጨዋታ ከመጣንበት ከሾፕሮን ነው። ትናንት አሥራ አራት ነጥብ አገባሁ። አሰልጣኛችን «ጎበዝ» አለኝ፤ ቢያንስ ፊቱ እንደዚያ ይል ነበር፣ ሀንጋሪኛው ገና አልገባኝም። አብራኝ የምትኖረው የቡድኔ ልጅ ቦርባላ በየቀኑ ሾርባ ትሠራልኛለች። ሾርባው ውስጥ ምን እንዳለ አልጠይቅም፣ እሷም አትነግረኝም፤ እንዲህ ተስማምተን እንኖራለን።

በርበሬውን ልኬያለሁ። ለኔ የኦቾሎኒ ቅቤ ይላኩልኝ፤ እዚህ ያለው ቅቤ አይባልም።

አክስቴ፣ እውነት አሁንም እስኪገባ ድረስ ትቆማላችሁ? እርስዎም? ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖዎት የለም እንዴ? ብዙ የምጽፈው ነበረኝ፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው።

አክባሪዎ ሼልቢ


ክሌይበርን፣ አዮዋ
ዲሴምበር 11

ለውዷ ሼልቢ

የጌታ ጸጋ ይብዛልሽ፣ ክንድሽንም ያበርታልሽ። ዕድሜዬን ግን ማን ጠየቀሽ? ሰባ ስምንት የሚሞላኝ ገና በማርች ነው።

አሥራ አራት ነጥብሽን ለፓስተሩ ነገርኩት። እሁድ ከቡራኬው በኋላ «ሼልቢያችን በባዕድ አገር አሥራ አራት አግብታለች» ሲል ምእመኑ አጨበጨበ። የሉተራን ምእመን! እኛ እኮ ለትንሣኤም አናጨበጭብም። ቀጥለሽ የምታገቢውንም ቶሎ ጻፊልኝ፤ ሰዉ ለምዷል።

ስለኛ ቡድን ባልጽፍልሽ በወደድኩ። ሐሙስ ዕለት ሰባት ደቂቃ ቆምን። ሰባት! ልጆቹ ያሳልፋሉ፣ ያሳልፋሉ፣ ከዚያ ይነጠቃሉ። በመሃል ዘወር ስል ምን ልይ? ደልበርት ሁፍማን፣ ያ ትራክተር ሻጩ፣ ቁጭ ብሏል።

«ደልበርት!» አልኩት፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ገባ እንዴ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ ማን ቁጭ በል አለህ?»

«ኧረ አርዲስ፣ ልጆቹ እኮ ዛሬ የሚያገቡም አይመስለኝ።»

«ሃሮልድ በዚያ በታመመ ወገቡ ቆሞ አልነበር? አንተ ከሃሮልድ ትበልጣለህ?»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ተነሳ። እስኪገባ ድረስ ቆመ። ስናገባ እኛ ስንቀመጥ እሱ ኮቱን ለብሶ ወጣ። በሩ ላይ ደርሶ «ስታብስ እስክትባረር እዚህ ቤት አልመለስም!» ብሎ ጮኸ። ይሂድ። ደጋፊ ማለት የሚቆም ሰው ነው።

ተመልካች ቁጥር ሲነግሩ አራት መቶ አሉ። ወንበር ላይ የተጣለውን ኮት ሁሉ ቆጥረው ካልሆነ ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

የኦቾሎኒ ቅቤውን ልኬያለሁ። በርበሬው ደርሶኛል፣ ተባረኪ። አሁን ሌላ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ አገር ለፈረስ ጉልበት የሚቀባ አረንጓዴ ቅባት አለ ይባላል። አንድ ብልቃጥ ላኪልኝ። ሁለትም ቢሆን አልጠላም። ለአንዲት ወዳጄ ነው። ማን እንደሆነች አትጠይቂኝ፤ ሐሜት አልወድም።

አክስትሽ አርዲስ፣ ከሰባተኛው ረድፍ


ፔች፣ ሀንጋሪ
ጃንዋሪ 6

ለተከበሩ አክስቴ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎ። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፤ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ሆኖብኝ ነው። ይኸው አሁንም ፔች ነን። አሥራ ስድስት አገባሁ መሰለኝ። ወይም አሥራ አምስት፤ ልኩን አላስታውስም።

ቅባቱን ሁለት ብልቃጥ ልኬያለሁ። ጠዋትና ማታ፣ ከጉልበት ሎሚው በታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚታሸው። ከዚያ በሱፍ ጨርቅ ይጠቅልሉት። ለወዳጅዎ ይጠቅልሉላት ማለቴ ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይበርዳል፣ ሽታው ግን አንሶላ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሰው ነው።

የኦቾሎኒ ቅቤ ከእንግዲህ ይቅርብኝ፤ ወፍሬያለሁ። ይልቅ ወፍራም የእንቆቅልሽ መጽሐፍ ካገኙ ይላኩልኝ። ያን እንግዳ ክፍልዎ ውስጥ ያለውን ጠንካራ ትራስም ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። አውቶቡስ ላይ ጊዜ ለመግደል ነው።

ኮሌጁ ጨዋታዎቹን በኢንተርኔት እንደሚያሳይ ያውቃሉ? ልምምድ በሌለን ቀን አያለሁ። ካሜራው ሰባተኛውን ረድፍ ፊት ለፊት ነው የሚያሳየው። ቢጫውን የወንበር መከዳዎን ሳየው እንዴት ደስ አለኝ መሰለዎ! እርስዎን ግን አላየሁም። ካሜራው ይሆናል።

አክባሪዎ ሼልቢ


ክሌይበርን፣ አዮዋ
ጃንዋሪ 20

ለውዷ ሼልቢ

ሰላምና ጤና ከሰማይ ይውረድልሽ።

ካሜራ አልሽ? እኔ ሳልሰማ ካሜራ አቆሙብን? ፈንዲሻ ልገዛ ወጥቼ ይሆናላ። ሰው ፈንዲሻ አይገዛም?

ይልቅ የቅዳሜውን ድል ልንገርሽ! በአንዲት ነጥብ አሸነፍን። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ያቺ ረጅሟ ካምብሪ ከቀኝ ጥግ ኳሷን ተቀበለች፣ አንዴ አነጠረች፣ ዘለለች፣ ወረወረች፤ ኳሷ ብረቱን ዞራ ዞራ ገባች! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ስንት ጊዜዬ። ከቆምኩበት ሆኜ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስካሁን አልተከፈተም። ደልበርትና ጃኒስ ይህ አመለጣቸው፤ ይበላቸው።

እርግጥ ሰው የለም። አዳራሹ ውስጥ ድምፅሽ ዞሮ ይመለስብሻል። የመጨረሻው ጨዋታ ፌብሩዋሪ 28 ነው፤ ያ ዳይሬክተር ያን ቀን መጥቶ ይቆጥራል። እንቅልፍ አጥቼልሻለሁ።

ቅባቱ ለወዳጄ ደርሷል። ትመርቅሻለች። ቤቷ ግን ጋጣ ጋጣ መሽተት ጀምሯል፤ የፖስታ አመላላሹ በር ላይ ሆኖ «ፈረስ ገዛሽ እንዴ?» አላት። ሌላ ሁለት ላኪልኝ ብላለች።

ትራሱንና የእንቆቅልሽ መጽሐፉን ልኬያለሁ። መጽሐፉ አምስት መቶ ገጽ ነው። እንዴት ያለ አውቶቡስ ነው ግን የምትሳፈሩት? ወደ ቻይና ነው የሚሄደው?

አክስትሽ አርዲስ፣ ከሰባተኛው ረድፍ


ሴክሳርድ፣ ሀንጋሪ
ጃንዋሪ 31

ለተከበሩ አክስቴ

ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ዛሬ እንደ ወግ አይደለም፤ የእውነቴን ነው የምጠይቀው።

ያን ጨዋታ እኔም አይቼዋለሁ። ካምብሪ ከሁለተኛው ሩብ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በረዶ አድርጋ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበረች። የመጨረሻዋን ያገባችው አጭሯ፣ ባለ አራት ቁጥሯ ልጅ ናት። ካምብሪን ከተቀመጠችበት ነጥብ ሊያስቆጥራት የሚችል አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ፤ ዓይኑን ሞራ የጋረደው። በዓይንዎ በብረቱ ያዩት በጆሮዎ ነው መሰለኝ።

አክስቴ፣ ያ ቢጫ መከዳ ከገና ጀምሮ ብቻውን ነው የሚቀመጠው። እርስዎ ከዚያ ቦታ የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ምን ሆነው ነው? እባክዎ ይጻፉልኝ፣ ፈርቻለሁ። ቅባቱን አራት ልኬያለሁ።

የርስዎ ሼልቢ


ክሌይበርን፣ አዮዋ
ፌብሩዋሪ 9

ለሼልቢ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምርቃቱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ መጀመሪያ ፍርድ ይቅደም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። የኔ ስንቅ እንዳለቀ ነግረሽኛል። ያንቺ ግን ከኔ ቀድሞ ነው ያለቀው! የላክሻቸው ፖስታዎች እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ውስጡ «ሾፕሮን» ይላል፣ ማኅተሙ ሚሽኮልትስ። ውስጡ «ፔች» ይላል፣ ማኅተሙ ሚሽኮልትስ። «ሴክሳርድ»፣ አሁንም ሚሽኮልትስ! ልጄ፣ እኔ ሰው ፊቱን ሳያሳየኝ ማኅተሙን አይቼ ከየት እንደጻፈ የማውቅ ሴት ነኝ። ለሌላ ዘመድሽ ዋሺ፤ ለፖስታ ቤት ጡረተኛ አይዋሽም።

ማኅተሙ ይቅር። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ያገባሽውን ነጥብ በሙሉ በቃልሽ የምታውቂ ልጅ፣ «አሥራ ስድስት ወይም አሥራ አምስት»? ትራስ የጠየቀች፣ አምስት መቶ ገጽ እንቆቅልሽ የጠየቀች፣ የፈረስ ቅባቱ አንሶላ ውስጥ እንደሚቀር የምታውቅ ልጅ፣ እሷ ሮጣ አሥራ አራት አገባች ልትዪኝ? ጉልበትሽ ነው፣ አይደል? «ለአንዲት ወዳጄ ነው» እንዳትዪኝ።

አሁን የኔን ስሚ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉሻል እኔን ነው። ያን ዕለት ደልበርትን በሰው ፊት ሳዋርደው የሃሮልድን ወንበር መደገፊያ በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር የቆምኩት። ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይጮኽ ነበር። ለገና ጨዋታ ስዘጋጅ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና ጉልበቴን ተነስ ብለው አልነሳ አለኝ። ሄጄ ሰው ሁሉ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ያውም እኔ? ከዚያ ይልቅ ቤቴ ቀረሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ስታብስን በመቃወም ነው» አልኩ። ቨርጂልን ከፍቼ፣ ጉልበቴን ቀብቼ፣ ብቻዬን እሰድባለሁ። ብቻ መሳደብ እንዴት ያስጠላል መሰለሽ።

ሐኪሙ ባለፈው ሰኞ ለጉልበት እንቅስቃሴ ወደ ክሊኒኩ ላከኝ። በሩን ስከፍት ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ጃኒስ ክሩገር ወለል ላይ ተንጋልላ የላስቲክ ገመድ በእግሯ ትጎትታለች። አጠገቧ ደልበርት የማይሄድ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ያልበዋል።

«ደልበርት?»

«አርዲስ?»

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ስታብስን ልቃወም» አለኝ። ሳያፍር!

ጃኒስ ገመዱን ለቀቀችና ሳቋን ለቀቀችው። ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ የተደረደሩትን ሳይ፣ ግማሹ የኛ ረድፍ፣ የቀረው ስምንተኛው ረድፍ ነው። እዚያ ክሊኒክ ውስጥ ከአዳራሹ የበለጠ ደጋፊ አለ። ሁሉም አሰልጣኟን ጠልቶ ነው የቀረው፤ ሁሉም ጉልበቱን ታቅፎ ተቀምጧል። አህያውን ፈርተን ዳውላውን ስንደበድብ ነው ለካ የከረምነው። ስታብስ ጥፋት የለባትም እያልኩሽ አይደለም። ትዕግስቷ እግዜርንም ያሰለቸዋል። ግን በመጥፎ ጨዋታማ ሃሮልድና እኔ ስንት ክረምት ተቀምጠን ስንሳደብ ከረምን! መጥፎ ጨዋታ ደጋፊ አያባርርም፤ መቀመጥ መከልከል ነው ያባረረን።

«ታዲያ ለምን ቁጭ ብለን አናይም?» አልኳቸው።

ደልበርት ፔዳሉን አቆመ። «እኔ ተቀምጬ አልነበር? ማነው ያስነሳኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከሃሮልድ ትበልጣለህ ያለችኝስ?»

«እኔው ነኝ፣ ደልበርት። ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታው ይቅር። አንቺ መጀመሪያ ከተቀመጥሽ እንመጣለን። ሰው ሁሉ እያየሽ፣ ሳይገባ። አለበለዚያ የሚደፍር የለም።»

ሼልቢ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይገባ ተቀምጬ አላውቅም። ሃሮልድ አጠገቤ ያለ ነው የሚመስለኝ፤ ምን ይለኛል? ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንቺ ነው። እንቢ ካልኩ ደግሞ ወንበራችን አይኖርም። ፌብሩዋሪ 28 ከሰዓት በኋላ ያን ካሜራሽን ከፍተሽ ሰባተኛውን ረድፍ እዪ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው። ዛሬ ምርቃቱ የእውነቴን ነው። አንቺም እውነቱን ጻፊ።

አክስትሽ አርዲስ፣ ከኩሽና ወንበር


ሚሽኮልትስ፣ ሀንጋሪ፣ ከአልጋዬ ላይ
ማርች 1

አክስቴ አርዲስ

ማኅተሙ ሚሽኮልትስ ነው፣ ውስጡም ሚሽኮልትስ ነው።

ጉልበቴ ነው። በኦክቶበር ልምምድ ላይ ዘልዬ ሳርፍ ድምፁን ሁሉም ሰማው። በኖቬምበር ሐኪሞች ቀደዱት። ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አልተጫወትኩም። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሌላ ሥራ እንዳስብ ነግሮኛል፤ እሱን ልትተረጉምልኝ የጀመረችው ቦርባላ ስታለቅስ ሳትነግረኝ ገባኝ። ልጽፍልዎ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ፓስተሩና ያ ጭብጨባ ይመጡብኛል። ለአሥራ አራት ነጥብ ያጨበጨበ ሰው ለዜሮ ምን ያደርጋል? አፈርኩ፣ አክስቴ። ኳስ የማልወረውር ከሆነ ለክሌይበርን ሰው ምኑ ነኝ ብዬ ፈራሁ።

ትናንት እግሬን ትራስዎ ላይ ሰቅዬ ጨዋታውን ከፈትኩት። ሰው ሲገባ ሳይ ማመን አቃተኝ። ታችኛው መቀመጫ ሊሞላ ምንም አልቀረውም! በዱላ፣ በብረት መደገፊያ፣ አንዱ በተሽከርካሪ ወንበር። እርስዎ በጃኒስ ክንድ ገቡ። ጨዋታው ሲጀመር ሁሉም ተነሳ። እርስዎም ተነሱ!

«ይቀመጡ!» ብዬ ጮህኩ። ቦርባላ ማንኪያ ይዛ ከኩሽና እየሮጠች መጣች።

ልጆቹ ኳሷን ያዞራሉ። እርስዎ የአጎቴ የሃሮልድን ወንበር ጨብጠው ቆመዋል። ኳሷን ያዞራሉ። ደልበርት አንገቱን አዙሮ ያይዎታል። ረድፉ ሁሉ ሜዳውን ትቶ እርስዎን ያያል። ቦርባላ «ምንድነው የሚያዩት?» ስትለኝ «አክስቴን» አልኳት።

ከዚያ ተቀመጡ። ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አስፈቅደው እንደሚቀመጡ ነው የተቀመጡት። ቀጥ ብለው፣ ቦርሳዎን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ ማጨብጨብዎን ሳያቆሙ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እርስዎ ብቻ! ዘለዓለም መሰለኝ። ከዚያ ደልበርት ተቀመጠ። ጃኒስ። ከዚያ ረድፉ በሙሉ፣ ከዚያ ከላይ ያለው፣ ካሜራው ውስጥ ኮፍያዎች አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ወጣቶቹ ብቻ ቆመው ቀሩ።

የመጨረሻው ሰው መቀመጫው ወንበር ሳይነካ ያቺ ባለ አራት ቁጥሯ ከሦስት ነጥቡ መስመር ወርውራ አገባች። እናንተም ሁላችሁ፣ በስንት መከራ የተቀመጣችሁ ሰዎች፣ እንደገና ዘላችሁ ተነሳችሁ! እኔም ተነሳሁ። ጉልበቴን ረስቼው። ጉልበቴ ጮኸ፣ እኔ ጮህኩ፣ ቦርባላ ሾርባውን ደፋችው። ምን እንዳለበት ያየሁት ገና አሁን ነው፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር።

አልቅሼ ስጨርስ ለክለቡ አሰልጣኝ ስልክ ደወልኩና ከእንግዲህ አልጫወትም አልኩት። በጁን ወደ ቤት እመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ከጎንዎ ያለው ወንበር፣ ፈንዲሻ የሚቀመጥበት፣ ለሰው የሚሰጥ ነው?

የርስዎ ሼልቢ


ክሌይበርን፣ አዮዋ
ማርች 13

ለልጄ ለሼልቢ

የሰላም አምላክ ካንቺ ጋር ይሁን፤ ለቦርባላም ሌላ ሾርባ ይስጣት።

ያን ጨዋታ በአሥራ ዘጠኝ ተሸነፍን፣ አይተሻል። ካለቀ በኋላ ዳይሬክተሩ ማይክራፎን ይዞ መጣና «አዳራሹ ለሴቶቹ ይቆያል» አለ። ጮህን። ቀጥሎ «አሰልጣኝ ስታብስም ትቆያለች» አለ። ለመጀመሪያው ብቻ ነው ያጨበጨብኩት። ደልበርት አሁን ክሊኒኩ ከሁሉ ቀድሞ እየመጣ ይቀመጥና «አርዲስ፣ ገባ እንዴ?» እያለ ያበግነኛል። ችዬዋለሁ፤ ይገባኛል።

ደብዳቤሽን ለፓስተሩ አላሳየሁትም። «ሼልቢ ጉልበቷ ተጎድቷል፣ ከእንግዲህ አትጫወትም፣ ወደ ቤት ትመጣለች» ብቻ አልኩት። እሁድ ከቡራኬው በኋላ «ሼልቢያችን ወደ ቤት ልትመጣ ነው» አለ። ለአሥራ አራቱ ነጥብ ተቀምጠው ነበር ያጨበጨቡት። ለዚህ ተነስተው ቆሙ፤ ጉልበታቸውን እያወቅሽው።

ስለ ሃሮልድ ወንበር የጠየቅሽኝን ሳስብ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ብቻዬን ሄጄ ባዶው አዳራሽ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ በሕይወት ሳለም ጨዋታ ከሌለ አያወራም ነበር። ስወጣ ፖስታ ቤት ገብቼ የትኬቱን ፎርም በስምሽ ላክሁት። ማኅተሙን ራሴ መታሁበት፤ አሁን እዚያ የሚሠሩት ልጆች ፈቀዱልኝ።

ፈንዲሻውን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ። ትራሴን ይዘሽ ነይ፣ ወንበሩ ይቆረቁራል።

አክስትሽ አርዲስ፣ ከሰባተኛው ረድፍ